ዶክተር ብለን ስለ ጠራናት ልጅ

በጅግጅጋ ከተማ በምንኖርበት መንደር አንዲት ልጅ አለች። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በነበረችበት ጊዜ፣ ከደጃፋቸው ተቀምጣ የሰውን ልብ ሥዕል በደብተሯ ላይ በቀይ እርሳስ ስትስል አየናትና፣ «ዶክተር፣ እንደምን ዋልሽ?» ብለን አለፍን። ነገሩ የመንገድ ቀልድ ነበር። ነገር ግን ቀልዱን የሰሙ ሁሉ ወደዱት። ባለሱቁ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጧት ጧት የግመል ወተት እየዞሩ የሚሸጡት እናቶች ሳይቀሩ «ዶክተር» ይሏት ጀመር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእውነተኛው ስሟ የሚጠሯት እናቷ ብቻ ሆኑ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ የሚጠሯት ሲቈጡ ብቻ ነበር። ያንን ቀልድ የጀመርነው እኛ ስለሆንን፣ ያስከተለውንም ነገር መናገር የሚገባን እኛው ነን።

ከወላጆቿ ጋር ያለን ጉርብትና ረጅም ነው። አባቷ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ መካከል የጭነት መኪና ይነዳሉ፤ እናቷ ከወሰኑ የሚመጣውን ጨርቅ በገበያ ይሸጣሉ። አያቷ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በቀብሪ በያህ ሜዳ ከግመሎቻቸውና ከላሞቻቸው አልተለዩም። እኛ ወደዚህ አገር የመጣነው በመምህርነት ተመድበን ነው፤ በኋላም ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወርን። ልጅቱ አማርኛን የለመደችው ከልጆቻችን ጋር በግቢያችን ስትጫወት ስለሆነ፣ እኛን «አዴር»፣ ባለቤታችንን «ኤዶ» እያለች ነው ያደገችው፤ የፊተኛው በሶማሊኛ የአባት ወንድም፣ የኋለኛው የአባት እኅት ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው «የሰው ልጅ ናት፣ ምን አገባኝ» ሊል አይችልም።

ዘጠነኛ ክፍል በገባች ጊዜ ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ቀረ። የስድስት ኪሎውን የዩኒቨርስቲ በር ፎቶግራፍ ከአንድ የቀን መቍጠሪያ ላይ ቀድዳ ከመኝታዋ በላይ ለጠፈችው። ከዚያ በቀር ሌላ ዩኒቨርስቲ፣ ከሕክምናም በቀር ሌላ ትምህርት እንዳለ ሲነገራት አትሰማም ነበር። ለዚህም ቢሆን ጥፋቱ የእኛ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው ኮሌጅ እንዴት እንዳደገ፣ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርስቲው እንደ ሰጡ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነጭ ካባ የለበሱ ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን ተከትለው ከአልጋ ወደ አልጋ እንደሚዘዋወሩ፣ ይህን ሁሉ በዓይናችን ያየን መስለን ያወራንላት እኛ ነን። እርሷ ደግሞ የሰማችውን አትረሳም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አሰጣጥ ተለወጠ። ፈተናው አስቀድሞ እየወጣ ውጤቱን ለማመን አስቸግሮ ስለ ነበር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርስቲዎች ግቢ እየገቡ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በተገለጠ ጊዜም አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለ2015 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.2፣ ለ2016 ዓ.ም. ተፈታኞች 5.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ እንደ ነበሩ የሰማን ዕለት፣ ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ከገባች ገና ወሯ ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለን።

እርግጥ ነው፣ ልጅቱ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። ነገር ግን አንደኛነት ከእነማን ጋር በመወዳደር እንደ ተገኘ ካልታወቀ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። በዚህ ክልል ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሶማሊኛ ይጀምራሉ፤ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ብሔራዊውም ፈተና የሚጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ነው። ከአውበሬና ከሽንሌ፣ ከደወሌና ከኤረር የሚመጣው ልጅ የፊዚክሱን ጥያቄ ከመሥራቱ በፊት ጥያቄው ምን እንደሚል መረዳት አለበት። ይህን ስንል ልጆቹ አይችሉም ማለታችን አይደለም። መንገዱ ለእነርሱ ይረዝማል ማለታችን ነው፤ መንገዱ የሚረዝምበትን ሰው ደግሞ «ደርሰሃል» እያሉ መሸኘት ደግነት አይደለም።

ስለዚህ እውነቱን ለመንገር ቈረጥን። አነጋገሩን ግን አላወቅንበትም።

መጀመሪያ የተናገርነው ተረት ነበር። እንደ ልማዳችን በበረንዳው ላይ ሻሂ እየጠጣን፣ «ልጄ ሆይ፣ አበው ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ይላሉ፤ አሳብሽን ወደ መሬት ብታወርጂው ይሻላል» አልናት። ተረቱን አሰላሰለችውና፣ «አዴር፣ ይህን የተናገሩት ከብቶቻቸው በረት የሚያድሩ ሰዎች ይሆናሉ። የእኛ ሰዎች ላማቸው በዓይን ባትታያቸውም ትታለባለች። አያቴ ዝናም የት እንደ ዘነበ ይጠይቁና ከብቱን ወደዚያ ይነዳሉ እንጂ ዝናሙ ወደ እርሳቸው እስኪመጣ አይጠብቁም» አለችን። መልስ አጣን። ባለቤታችን በመስኮት ሆና ስትስቅ ሰማናት።

ሁለተኛው ሙከራችን ከዚህ የከፋ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብቀን፣ የፈተናውን ቍጥር ሁሉ ዘረዘርንላትና በመጨረሻው፣ «እንግዲህ ምንም ባይሆን፣ እዚሁ ጅግጅጋ ዩኒቨርስቲ አለልሽ» አልናት። ልጅቱ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «አዴር፣ ‹ምንም ባይሆን› ብለው ነው ጅግጅጋን የሚያነሡልኝ። ጅግጅጋ የወደቀ ሰው የሚጣልበት ቦታ ነው እንዴ? እርስዎስ ታዲያ ለምን እዚህ ኖሩ?» አለችን።

ይህ ጥያቄ በስድብ የተጠየቀ አልነበረም፤ ለማወቅ ፈልጋ ነበር የጠየቀችን። እኛ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርነውን ነገር ነካችብን። ከሠላሳ ዓመት በፊት እኛም እንደ እርሷ የስድስት ኪሎውን በር እያሰብን እናድር ነበር። ሕግ ለመማር እንመኝ ነበር። የማትሪክ ውጤታችን ሲመጣ ለዚያ አልበቃም፤ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ሄድን፤ ከዚያም ዕጣው ጅግጅጋ አደረሰን። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ እንጽፍ ነበር። በስድስተኛው ዓመት መጻፉን ተውነው። የተውነው ተስፋ ቈርጠን ይሁን ወይስ አገሩን ወድደን፣ ያን ጊዜ አልመረመርነውም። ልጅቱ ስትጠይቀን ግን አንድ ነገር ተገለጠልን። ለዚያች ልጅ ያወራንላት ስለ እርሷ ተስፋ ሳይሆን ስለ እኛ ቍጭት ነበር። ያላየነውን ግቢ አሳምረን የሣልነው ስላላየነው ነው፤ የምንኖርበትን ከተማ ያቃለልነውም ስላልመረጥነው ነው።

የዚያን ዕለት ይህን ሁሉ ነገርናት። ጸጥ ብላ ሰማችንና፣ «እንግዲያው እርስዎ የሚያውቁትን ሳይሆን የማያውቁትን ነው የነገሩኝ» አለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሌላ መንገድ ያዝነው። የሒሳብ መምህር የሆነ ወዳጃችንን ለምነን፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች ሰበሰብንና፣ ልክ እንደ እውነተኛው ፈተና በሰዓት እንድትሠራ አደረግን። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የተሰጥዖ ፈተና፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በጠቅላላው ከ600። ግማሹ 300 ነው። የመጀመሪያው ውጤቷ 254 ሆነ። ወዳጃችን ወረቀቱን ሲያስረክባት አየችው፤ አጠፈችው፤ ሳትሰናበት ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ቤታችን ብቅ አላለችም። እኛም ባደረግነው ነገር ተጸጽተን ወደ እናቷ ለመሄድ ስንነሣ፣ በሦስተኛው ቀን መጣችና፣ «ፊዚክሱን የወደቅሁት ሒሳቡን ስለማላውቅ አይደለም፤ ‹እንከን የለሽ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስላልገባኝ ስምንት ጥያቄ ተሳስቻለሁ» አለችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ተጀመረ። በየወሩ አንድ ጊዜ ትፈተናለች፤ ቍጥሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፋ ከዚያ ፎቶግራፍ አጠገብ ትለጥፋለች። ጥር 281። መጋቢት 296። ግንቦት 329። እኛ «ጐበዝ» ማለትን ተውን፤ «አይዞሽ» ማለትንም ቀነስን። ቍጥሩ ራሱ ይናገር ነበር፤ ደግሞም እኛ ስንናገረው ያስቈጣት የነበረው ነገር ቍጥሩ ሲናገረው አላስቈጣትም።

ከልጅቱ ይልቅ ያስቸገሩን ወላጆቿ ናቸው። ይህን በፍቅር ነው የምንናገረው። በተለይ አባቷ፣ እኛ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንን ወደ አዲስ አበባ አንድ ስልክ ብንደውል ነገሩ የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር። በሚኒሶታ የሚኖሩት የአጎቷ ልጆች ደግሞ በየሳምንቱ በስልክ በቪዲዮ እየታዩ፣ እዚያ ማንም ሰው የፈለገውን እንደሚማር ያወሩላቸዋል፤ ስለ ብድሩና ስለ ሌሊት ሥራው ግን አያወሩም። አንድ ቀን ማታ እናቷ ባለቤታችንን ጠርተው የወርቅ አምባራቸውን አሳዩአት። አንድ ሰው በሚያዝያ ወር መጥቶ፣ ለልጅቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ቦታ እንደሚያስገኝላቸው ነግሮአቸው ነበር፤ የጠየቃቸውም ገንዘብ ከዓመት ትርፋቸው የሚበልጥ ነበር። አምባሩን በማግሥቱ ሊሸጡት ነው።

በጨለማ ሄድን። አባቷን አስነሥተን ሦስታችንም ከምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። የተናገርነው ይህን ነበር፦ በ2015 ዓ.ም. ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርስቲዎች አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ራስ ገዝ ሆኖ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው የሚቀበለው፤ ቦታ የሚሸጥ ደላላ የለም፤ ካለም ሌባ ነው። ደግሞም ማንኛውም ተማሪ ዩኒቨርስቲ በገባበት ቀን ሐኪም ልሁን ብሎ አይጀምርም፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም የጋራ ትምህርት ይማራል፤ የትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ ባለው ውጤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለልጅቱ «የሕክምና ቦታ» የሚሸጥ ሰው ገና ያልተሠራ ቤት በር እየሸጠ ነው። አባቷ ብዙ ከቈዩ በኋላ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ዶክተር እያላችሁ ስትጠሯት ዝም ያላችሁን ለምንድን ነው?» አሉን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። አምባሩ እስከ ዛሬ በእናቷ እጅ ላይ ነው።

እኛም በበኩላችን የማናውቀውን ለማወቅ ተነሣን። አንድ ቅዳሜ ልጅቱንና የክፍል ጓደኞቿን ይዘን ጅግጅጋ ዩኒቨርስቲን ለማየት ሄድን። በዚህ ከተማ ስንኖር ከአጥሩ ውጭ እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቀን አይተነው አናውቅም ነበር፤ ይህንን ስንጽፍ እናፍራለን። ዩኒቨርስቲው ትምህርት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የዚህ ክልል ልጅ ዩኒቨርስቲ መግባት ከፈለገ የካራማራን ተራራ አቋርጦ ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበረበት፤ ዛሬ ግን በቀብሪ ደሃርም ሌላ ተከፍቶአል። ልጆቹ የዩኒቨርስቲው የሆነውን የሼኽ ሐሰን ያባሬን ሆስፒታል በደጅ አዩ። አንዲት አዋላጅ ነርስ ከሌሊት ተረኛነቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ በሶማሊኛ አነጋገረቻቸው፤ ሌሊቱን ሦስት ሕፃናት እንደ ተቀበለች ነገረቻቸው። ልጃችን ስለ ዶክተር እንጂ ስለ አዋላጅ ጠይቃ አታውቅም ነበር። በመመለሻችን ላይ በባጃጅ ውስጥ የጠየቀችን ሁሉ ስለዚያች ሴት ነበር።

ሌላም የነገርናት ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ፣ በየትም ይማሩ በየት፣ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። የመግቢያው በር ቢለያይም መውጫው አንድ ነው። ይህ ነገር ከብዙ ምክራችን ይልቅ አሳመናት።

በነገራችን ላይ፣ ይህችን ከተማ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያስተዳድሩ የነበሩትና ቀጥ ያሉትን መንገዶቿን እንዳስቀየሱ የሚነገርላቸው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት፣ በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የተማሩት የመድፈኛነት ትምህርት ነበር። ዛሬ የሚታወሱት ግን «ፋቡላ» በተባለው ቴያትራቸውና በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ይህን ለልጅቱ ስንነግራት፣ «መድፉን ባይማሩ ኖሮስ?» አለችን። እውነትም ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኛም አልመለስነውም።

ፈተናው የተሰጠው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ልጆቹ ወደ ዩኒቨርስቲው ግቢ በሚሄዱበት ጧት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ባጃጅ ነጂው ገንዘብ አልቀበልም አለ። እኛም በዚያን ቀን፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛው ስሟ ጠራናት። አልሰማችንም። ሁለተኛ ስንጠራት ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ተመለከተች።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ውጤቱ ወጣ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሹን ያገኙት 8.4 በመቶ ሆኑ። የእርሷ ቍጥር ከ600 334 ነው። እናቷ እልል አሉ፤ አባቷ ከቶጎ ውጫሌ መንገድ ላይ መኪናቸውን አቁመው ደወሉ። እርሷ ግን ወረቀቱን ይዛ ብቻዋን ከበረንዳችን ተቀመጠች። ቍጥሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ለምን ያህል እንደሚበቃ ግን እርሷ ከሁላችን ይልቅ ታውቀዋለች፤ ስንት ወር ከግድግዳው ላይ ስታነብበው የኖረች እርሷ ናትና።

ከጥቂት ቀን በኋላ የምርጫዋን ዝርዝር ይዛ መጣች። ከላይ ሐረማያን አድርጋዋለች። ይህ ዩኒቨርስቲ በ1940ዎቹ ዓመታት በኦክላሆማ ኮሌጅ ርዳታ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው ነው፤ የጤና ኮሌጁ ግን በሐረር ከተማ ነው የሚገኘው፤ ሐረር ደግሞ ከጅግጅጋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እናቷ ጧት ተነሥተው ማታ ሊመለሱ ይችላሉ። ሁለተኛ ጅግጅጋ ነው። ከጅግጅጋው አጠገብ በእርሳስ «አዋላጅነት ወይም ሕክምና» ብላ ጽፋለች። ሁሉንም አስባበታለች፤ እኛ የምንጨምርበት አልነበረም።

ወረቀቱን አጥፋ ከቦርሳዋ ከከተተች በኋላ ግን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲም የመግቢያ ፈተና ተመዝግቤአለሁ፤ ልሞክረው ብዬ ነው» አለችን። እኛም ስለ ቦታው ማነስና ስለ ተወዳዳሪው ብዛት ልንነግራት አፋችንን ከፈትን። ባለቤታችን በጠረጴዛው ሥር እግራችንን ረገጠችን። ሻሂያችንን አነሣንና ጠጣን።